ሦስት ከተማ በአንድ ምስማር

ጥር 6፣ ሰኞ

ሐጂ ይማም ወደቁ። ትናንት ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ፣ እበራቸው ደጃፍ ላይ ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። ሚስታቸው አሊማ ስትጮህ ከአጥር ማዶ ሰምቼ በአንድ እግር ጫማ ሮጥኩ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ግራ እጃቸው የእሳቸው ያልሆነ ይመስል ተንጠልጥሏል። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናቸው፣ እዚያው አደሩ፣ ዛሬ ከሰዓት ወደ ቤት መለሷቸው። ደም ግፊት ነው አሉ። ዶክተሩ "ይሻላቸዋል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል" አለ። አሊማ "ምን ያህል ጊዜ?" ብትለው "እሱን አላህ ያውቃል" አላት። ዶክተሩ በአንገቱ ማተብ አለው፣ ለእሷ ሲል ግን አላህ አለላት። ደስ አለኝ።

አንድ ነገር አስገረመኝ። ሐጂ በሁለቱም ቋንቋ የሚቀልዱ ሰው ነበሩ። አሁን አማርኛው ጠፍቶባቸው ኦሮምኛው ብቻ ቀርቷል። እሱም በተንተባተበ አፍ ነው።

ልጆቹ ሦስቱም መጡ። ጀማል ደሴ ስለሆነ ትናንትናውኑ ደረሰ። ትልቁ ከድር ከአዲስ አበባ፣ ትንሹ አህመድ ከአዳማ፣ ዛሬ በአንድ ሚኒባስ ገቡ። የአባታቸውን ጉልበት ሳሙ። አሊማ ሦስቱን አንድ ላይ ስታይ አለቀሰች፣ ያለ በዓል ተገናኝተው አያውቁም።

ሐጂ ቤት አንድ ደንብ አለ። እበሩ ጀርባ ትልቅ ምስማር ተመትቷል፣ የሚገባ ልጅ ሁሉ የሱቁን ቁልፍ እዚያ ይሰቅላል። "ገበያ ከደጅ ይቀራል" ይላሉ ሐጂ። እቤታቸው ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ትርፍ አይወራም። ዛሬም ልጆቹ ሲገቡ ሳያስቡት ሰቀሉ።

ስወጣ ምስማሩን አየሁት። ሦስት የቁልፍ ዘለላ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። የደሴ፣ የአዳማ፣ የአዲስ አበባ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ሳቄን ተውኩት። ሦስቱም የእኔ ሱቆች ናቸው፣ ሦስቱም ዛሬ ተዘግተዋል።

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ልጄ ሐያት ባህር ዳር ሒሳብ ነው የምትማረው። "እማ፣ ነገሩን ለምን እንዳደረግሽው ጻፊው፣ በኋላ ሌላ ምክንያት ትፈጥሪለታለሽ" ትለኛለች። እሺ፣ ልጻፈው።

ባሌ ሁሴን ሲሞት እዚሁ ከሚሴ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ አምስት ሱቅ ትቶልኝ ሄደ። አምስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ በረንዳ። ደህና ነበር። ከዚያ መንገዱ ይሠራል ተብሎ ፊት ለፊታችን ተቆፈረ። አቧራው ለአንዱ ሱቅ አላዳላም። ልብስ ሻጩም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ጸጉር አስተካካዩም በአንድ ወር ውስጥ ጥለውኝ ወጡ። አምስት በር ተዘግቶ እያየሁ በረንዳው ላይ ስቀመጥ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ የጨፋ ገበሬ ነበር። ማሽላውን ከዳገቱ ሥር፣ ጤፉን ከሜዳው፣ በቆሎውን ከቦርከና ዳር ይዘራል። ቦርከና ሞልቶ በቆሎውን ሲወስድ ማሽላው ይተርፋል። ዝናብ ቀርቶ ዳገቱ ሲያር የወንዙ ዳር ያበላል። እኔም እንደ አባቴ ላድርግ አልኩ። ሁለቱን ሱቅ እዚሁ ይዤ ሦስቱን ሸጥኩ፣ የወርቄንም ጨመርኩበት። ከዓመት ዓመት እያልኩ ደሴ ፒያሳ አንድ፣ አዳማ መናኸሪያው አጠገብ አንድ፣ መርካቶ አንድ ፎቅ ላይ ቁም ሣጥን የምታክል አንድ ገዛሁ። ሰፈሩ "ዘሃራ አበደች" አለ። አንዱ ከተማ ቢቀዘቅዝ ሌላው ይሞቃል ብዬ ነው።

ገዝቼ ስጨርስ ደግሞ ማን ይከራያቸው የሚለው ጭንቅ ሆነ። ከማላውቀው ሰው ጋር በየከተማው ክርክር ልገጥም ነው? ሐጂ አጥር ላይ ቆመው "ልጆቼ አሉልሽ አይደል" አሉኝ። አጥራችን አንድ ነው፣ ከሁሴን ጋር ወንድማማች ማለት ነበሩ። ሰጠኋቸው። ከድር ከመርካቶ ልብሱን ያነሳል፣ ለጀማል ደሴ፣ ለአህመድ አዳማ ይልካል። ወላሂ አንድ ቀን አላስቀየሙኝም። ቀኑን ጠብቀው ይልካሉ፣ "እማ ዘሃራ አፊያ ነዎት ወይ" ብለው ይደውላሉ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ከመርካቶው ፎቅ ኮሚቴ አንድ ሰውዬ ደወለልኝ።

"ወይዘሮ ዘሃራ፣ ሱቅዎ ተዘግቷል።"

"የልጁ አባት ታመው ነው።"

"እግዜር ይማራቸው። ግን የጥምቀት ሳምንት ነው። አንድ በር ሲዘጋ ኮሪደሩ ይጨልማል፣ ገበያተኛው እዚያ ደርሶ ይመለሳል። ጎረቤቶቹ ጮሁብኝ።"

እስከ ሰኞ ካልተከፈተ ደንባችን ኮሚቴው ራሱ ለሚከፍት ሰው እንዲያከራየው ይፈቅዳል አለኝ። ስገዛ የፈረምኩት ደንብ ነው፣ ውሸት አይደለም። ኮሚቴው አንድ ጊዜ ካስገባ ማን ያስወጣል?

ማታ ሐጂን ልጠይቅ ሄድኩ። አጥሚት ይዤ ነው። ከድር ትራስ ያስተካክላል፣ ጀማል እግር ያሻል፣ አህመድ ውሃ ያቀርባል። ምን ብዬ ልናገር? ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ መጣሁ። ስወጣ ምስማሩን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

ጥር 8፣ ረቡዕ

ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄጄ ነበር፣ ለሐጂ ማር ልገዛ። ሰበቡ ማር ነው፣ የሄድኩት ግን ወንድሜን አያ ሙሄን ፍለጋ ነው። የአባታችንን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው።

ማሽላ እየጫነ አገኘሁት። "አካም ጂርታ ዘሃራ? የከተማ እመቤት!"

"ነጋ፣ ገለታ ረቢ፣ ደህና ነኝ። የምን እመቤት፣ በሮቼ ሁሉ ተዘግተው።"

ነገርኩት። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ሱቅ፣ አንድ አባት። ጆንያው ላይ ተቀምጦ ሰማኝና ሳቀ። ተናደድኩ።

"አትቆጪ፣ የቡሬ ዓመት ትዝ ብሎኝ ነው" አለ።

ቡሬ የአባታችን በሬ ነበር። ረስቼው ነበር። አንድ ዓመት ልክ እርሻው ሲጀመር ቡሬ ታመመ። አባታችን ሦስት ማሳ ነበረው፣ ጥማዱ ግን አንድ። ዳገቱም፣ ሜዳውም፣ የወንዙ ዳርም ጦም አደሩ። ዝናቡ እኮ ጥሩ ነበር! ወንዙም አልሞላ። ያን ዓመት የበላነው ከአጎታችን ተሰፍሮ በመጣ እህል ነው።

"አባባ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ?" አልኩት።

"ከማያውቀው ከወረባቦ ሰውዬ ጋር በሬ ተቀናጀ፣ የሰውየውን አንድ በሬ ከራሱ አንድ በሬ ጋር ጠመደ። እናታችን 'የሰው በሬ' እያለች ስንት ጊዜ አጉረመረመች። ግን አረሰ።"

እውነቱን ነው። እኔ ማሳውን ብቻ ነው ከአባቴ የተማርኩት፣ በሬውን ረሳሁት።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ደሴ፣ ከጀማል ሱቅ አጠገብ ጫማ የምትሸጠው ሴትዮ ናት። ስሟን እንኳ አላውቀውም፣ ቁጥሬን በሩ ላይ ከተጻፈው ነው ያገኘችው። "እትዬ፣ ሰዉ 'ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ' እያለ ይመጣል፣ በሩን አይቶ ይሄዳል፣ እኔ ነኝ አንጀቴ የሚቃጠል" አለችኝ። አንጀቷ ይቃጠላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጎረቤት በየትም አገር ጎረቤት ነው።

ማሩን ለአሊማ ሰጠኋት። ሐጂ በማንኪያ ቀመሱ። የቀኝ ጣታቸውን አንስተው አመሰገኑኝ። ግራው ዛሬም ዝም ብሏል።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ሐያት ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፦

"እማ፣ አንቺ ሱቁን ነው በየከተማው የበተንሽው፣ ኪራዩ ግን የሚመጣው ከአንድ ማዕድ ነው። ልብሱም አንድ፣ አምጪውም አንድ። ከድር ከዘጋ እኮ ሌሎቹ ባይመጡም ባዶ መደርደሪያ ይዘው ይቀመጡ ነበር።"

"አጎትሽ ሙሄ በአንድ በሬ ነገረኝ፣ አንቺ ይህን ለመማር ባህር ዳር ሄድሽ?"

ሳቀች። ግን ልጅቷ ስለ ልብሱ ያለችውን እኔ አላሰብኩትም ነበር፣ ልክ ናት።

ከዚያ ሌላ ስልክ። አልማዝ እባላለሁ አለች፣ እዚያው መርካቶ፣ ከከድር ሱቅ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ የሕፃናት ልብስና ጫማ ትሸጣለች። የተከራየችው ሱቅ ሊሸጥባት ነው። "እናቴ፣ ቤትዎን ይስጡኝ፣ ዛሬውኑ ልክፈተው" አለችኝ።

"አላውቅሽም እኮ ልጄ።"

"እኔም አላውቅዎትም። ውል እንዋዋላለን። ውል ማለት እኮ ለማይተዋወቅ ሰው የተሠራ ነው። ለሚተዋወቅማ ምን ያደርጋል?"

አፏን ወደድኩት። ነገ ልንገርሽ አልኳት። "ጥምቀት ነገን አይጠብቅም እናቴ" ብላ ዘጋች።

አሥር ሰዓት ግድም ከድርን አጥሩ ጋ ጠራሁት። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጀምሮታል። በሕፃንነቱ ከእኔ ቤት በቆሎ ሰርቆ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያመልጥ የነበረ ልጅ ነው። ኮሚቴው ያለውን ነገርኩት። የአልማዝንም ነገርኩት።

"መሄድ አቅቶን መሰለዎት?" አለኝ። "ማን ቀድሞ ይነሣ? ጀማል እኔን ያያል። እኔ አህመድን አያለሁ። አህመድ ስልኩን ያያል። ቀድሞ የተነሣውን ሰፈሩ ስም ያወጣለታል። 'አባቱን በቀሚስ የለወጠ' ይሉታል፣ እስከ ልጅ ልጁ።"

"አባትህን ጠይቃቸዋ።"

"አባን? ስለ ሱቅ? እዚያ ክፍል ውስጥ?" ሳቀብኝ። "እማ ዘሃራ፣ አንቱ ይጠይቁልኝ እንዴ?"

 ከድር አጥሩን ነካካ። በኋላ "ለሴትዮዋ ይስጧት" አለ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። "ግን አባ ሲሻላቸው እኔ ወዴት ልመለስ?"

 እኔ ከሰኞ በፊት በር ማስከፈት እፈልጋለሁ፣ እሱ መመለሻ ይፈልጋል፣ ሁለቱ ደግሞ ያው አንድ በር ነው። ለአልማዝ ሳልደውልላት ቀረሁ።

ጥር 10፣ አርብ

ከጁምዓ በኋላ ዱበርቲዎቹ ሐጂ ቤት ገቡ። እኛ አገር ሰው ሲታመም ዕድሜ የጠገቡ ሴቶች ይጠሩና ዱዓ ያደርጋሉ፣ የጨነቀው ሁሉ ጭንቀቱን እዚያ መሐል ይናገራል፣ እነሱ ይለምኑለታል። መሪያቸው እመት መዲና ናቸው። ገና ሲያዩኝ ጀመሩኝ።

"ዘሃራ! ሦስት ከተማ ሱቅ አለሽ፣ በአንድ እግር ጫማ ትሮጫለሽ አሉ!"

"አንዱን ለደሴ ልኬው ነው እመት።"

ሳቅ ሆነ። አሊማ እንኳ ሳቀች፣ ከእሁድ ወዲህ ገና ዛሬ ጥርሷን አየሁት።

ሐጂ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጆቹ እግራቸው ሥር። ጫቱ ተዘረጋ፣ እጅ ተከፈተ። አንዷ ስለ ልጇ ፈተና ተናገረች፣ አሚን። አንዷ ስለ ጠፋባት ላም፣ አሚን። አሊማ "አንድ ጎኑን የወሰድክ ጌታ፣ መልስልኝ" አለች፣ ሁላችንም አሚን አልን፣ እኔ አለቀስኩ።

ተራዬ ደረሰ። ለሐጂ ጤና እለምናለሁ ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። አፌን ስከፍት ሌላ ነገር መጣ።

"ሐጂ አፉ ይበሉኝ። ገበያ ከደጅ ይቀራል ብለዋል፣ እኔ ዛሬ ይዤው ገባሁ። ሦስት በር ተዘግቶብኛል። ልጆቹ ቀድመው መነሣት ፈርተዋል። እኔም መናገር ፈርቼ ሰነበትኩ። የመርካቶው ሰኞ ካልተከፈተ ከእጄ ሊወጣ ነው። ዱዓ አድርጉልኝ።"

 አሊማ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ጀማል መሬት አየ። ከድር እኔን አየኝ፣ ተቆጥቶ ይሁን አመስግኖ አላወቅሁትም። መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

እመት መዲና ናቸው ያዳኑኝ። "ምነው ዝም አላችሁ? የተዘጋ ይከፈት ነው ያለችው፣ ይዘጋ አላለችም! አሚን በሉ እንጂ!"

"አሚን" አሉ።

ሐጂ ሳቁ። በአንድ ጎን ፊታቸው ብቻ ነው፣ ግን ሳቃቸውን አውቀዋለሁ። ቀኝ እጃቸውን አነሡ። "ዴማ" አሉ፣ "ዴማ ኢጆሌ ኮ።" ሂዱ ልጆቼ ማለታቸው ነው። ጀማል ቀረበ፣ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። አህመድ ቀረበ፣ መረቁት። ሁለቱም ተራ በተራ እጃቸውን ስመው ተነሡ።

ከድር ቀረበ። ሐጂ አንገቱን በቀኝ እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት። "አቲ ታኢ" አሉት። አንተ ተቀመጥ።

ሌላ ማብራሪያ የለም። ከድር ተቀመጠ።

ጥር 11፣ ቅዳሜ

ጥምቀት ነው። ከጠዋት ጀምሮ የክርስቲያኖቹ ከበሮ ይሰማል። ልጃገረዶች በአዲስ ቀሚስ በደጄ አለፉ። ማን ሸጠላቸው ይሆን? የእኛ ልጆች እንዳልሸጡት ብቻ አውቃለሁ። የበዓሉ ገበያ አለፈ፣ በቃ፣ አለፈ።

ጀማል ማልዶ ወደ ደሴ ሄደ። አህመድ ሻንጣውን እየዘጋ ሳለ ከድር መጣ፣ በአጥሩ በኩል ሳይሆን በበሩ ዞሮ፣ እንደ እንግዳ። የመርካቶውን ቁልፍ ይዟል።

"አባ ተቀመጥ ብለውኛል፣ ተቀመጥኩ" አለ። "አንቱ ቁልፉን አይጠይቁኝም፣ አውቃለሁ። እኔ ልስጥዎት ብዬ ነው። አህመድ በአዲስ አበባ ስለሚያልፍ ለሴትዮዋ ያድርስላት።"

ተቀበልኩት።  "የሐጂ ቡራኬ ያንተው ነው" አልኩት፣ እሱም "ጀማልና አህመድም ተመርቀዋል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የተመረቀው የሄደው ነው፣ የቀረው አንገቱን ነው የተያዘው።

አንድ ነገር ልስጠው ብዬ አሰብኩ። እዚህ ከቀሩኝ ሁለት ሱቆች አንዱን፣ የባጃጅ ዕቃ ሻጩ ያለበትን። ግን ሰውየው አልበደለኝም፣ እንዴት ውጣ እለዋለሁ? ደግሞ ከድር ዳግመኛ የእኔ በር ላይ ሊንጠለጠል ነው። አልተናገርኩም።

ሊወጣ ሲል ዞረ።

"ለሴትዮዋ ይንገሩልኝ። በሩ ወደ ላይ ትንሽ ካልተነሣ አይቆለፍም። ቀስ ብላ ታንሣው። ካስገደደችው ይሰበራል።"

 ከዚያ ሄደ፣ አባቱን የሚያጥብበት ሰዓት ነበር።

ለአልማዝ ደወልኩላት። ከበሮ ውስጥ ናት፣ እኔም ከበሮ ውስጥ ነኝ፣ ተጯጯህን። "ሱቁ ያንቺ ነው" አልኳት። "የበዓሉ ገበያ ካለፈ ነው የነገሩኝ እናቴ!" አለች። "ግድ የለም፣ ፋሲካ አለ።" ውሉን ሐያት የምታውቀው ሰው እዚያ ያዋውላታል። ስለ በሩ ነገርኳት። አልሰማችኝም መሰለኝ።

ጥር 12፣ እሁድ

አህመድ ደውሎ ቁልፉን ሰጠኋት አለ። የከድርን ልብስ በጆንያ ሊከትት ሲጀምር ሴትዮዋ አስቆመችው።

"አንድ ግድግዳ ልተውለት፣ እስከ ፋሲካ ተሰቅሎ ይሸጥለት፣ የተሸጠውን እልካለሁ" ብላዋለች። አህመድ ምን ልበላት አለኝ።  ግማሹን እንዲተው፣ ግማሹን ወደ አዳማ እንዲወስድ ነገርኩት።

ለከድር ነገርኩት። አባቱን በረንዳ ላይ ፀሐይ ሊያሞቅ አውጥቷቸዋል።

"ሴትዮዋን አያውቋትም እኮ" አለኝ።

"አላውቃትም።"

"እኔም አላውቃትም።"

ሐጂ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። ደንቡ ለክፍሉ ነው፣ በረንዳ ደጅ ነው፣ ስለዚህ ምንም አላሉም። ከድር "እናያለን" አለ። እሺም አይደል፣ እምቢም አይደል።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ደሴ ጀማል አለ፣ አዳማ አህመድ አለ፣ እነዚህ ይቆዩ። የአህመድ ውል ሲያልቅ ግን ሌላ ዓይነት ሸቀጥ ያለው፣ ሌላ አገር ዘመድ ያለው ሰው እፈልጋለሁ። እሱም ቢሆን ሌላ ቤት አዳማ አያጣም። አሁን አልነግረውም። ስነግረው ደግሞ በአጥሩ ላይ ሳይሆን ቁጭ ብዬ ነው የምነግረው። ለሰፈሩ ክፉ መስዬ እታይ ይሆናል። እናቴም "የሰው በሬ" ስትል ነበር።

ጥር 13፣ ሰኞ

ዛሬ ሰው በዛብኝ።

በጠዋት የኮሚቴው ሰውዬ ደወለ። "ተከፍቷል፣ ኮሪደሩ በርቷል፣ እግዜር ይስጥልን" አለ። እኔም "አሜን" አልኩት፣ "ደንባችሁን ግን ከልሱት፣ ሰው ይታመማል።" ሳቀ። ለስብሰባ አቀርበዋለሁ አለ። አያቀርበውም።

ቀጥሎ አልማዝ። "እናቴ፣ በሩ እንቢ አለኝ፣ ትናንት ሳይቆለፍ ዘበኛ አቁሜ አደርኩ!"

"ቀስ ብለሽ ወደ ላይ አንሺው። ነግሬሽ ነበር።"

ስልኩን ሳትዘጋ ስትሞክር ሰማሁ። ቋ አለ። "ወይ በእመቤቴ! ማን ነው ይህን የነገረዎት?"

"ከድር።"

"ይባረክ። አንድ ሰማያዊ ቀሚሱን ሸጬለታለሁ በሉት።"

አያ ሙሄ ከጨፋ ማሽላ ይዞልኝ መጣ። ደጄ ቆሞ "በሬው እንዴት ነው?" አለኝ። ተቀናጀሁ አልኩት። "ከወረባቦ?" አለ። ከመርካቶ አልኩት። በጣም ሳቀ።

እመት መዲና አለፉ። "ዘሃራ፣ ዛሬ ሁለቱንም ጫማ አድርገሻል፣ ምነው ደግ ነው?" ብለው ሄዱ፣ አልተቀመጡም።

ሊመሽ ሲል አሊማ በአጥሩ በኩል መጣች። ከአርብ ወዲህ ብቻዋን አልመጣችም ነበር፣ ተቀይማኛለች ብዬ ነበር። ተቀመጠች። ሰማያዊው ቀሚስ መሸጡን ለከድር ነግራዋለች፣ እሷ ደግሞ 'ሰማያዊው ተሸጠ?' ብዬ ስልክ ላይ ስጮህ በአጥሩ ሰምታ ነው።

"ምን አለ?" አልኳት።

"'ሰማያዊው በደንብ ይሄዳል፣ ቀዩን ከኋላ አድርጊው በሏት' አለ" አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ሐጂ ዛሬ በግራ እጃቸው ኮፍያቸውን ያዙ" አለች። "ያዙ እንጂ አላነሡም። ከድር ተቀብሏቸው የሚያኖርበት አጥቶ ዞር ዞር አለ፣ ከዚያ እምስማሩ ላይ ሰቀለው። ቁልፎቹ ከሄዱ ወዲህ ባዶ ነበር አይደል።"